ክሩን ማን ይገዛ ነበር

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች ፈርመው በሚገቡበት ጠረጴዛ ትይዩ። አራት ገጽ ነው። ሰው ሁሉ ከፈረመ በኋላ ቆም ብሎ የራሱን የሥራ መደብ ብቻ ይፈልግና ፊቱን ወይ ፈታ ወይ ቋጠር አድርጎ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ጠራዥዋ ግን አራቱንም ገጽ ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበበች። በሃያ ስድስት ዓመት የጥረዛ ሥራ ገጽ ዘልላ አታውቅም። የተገለበጠ ቅጠል፣ የተዘለለ ቁጥር፣ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት የሚደበቀው ሰው በሚንቀው ገጽ ውስጥ መሆኑን ሥራዋ አስተምሯታል።

ሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘችው። «የመጽሐፍ ጠራዥ፦ ከደረጃ ስድስት ወደ ደረጃ ሁለት፣ የጉልበት ሥራ።» ከዚያ በታች፣ አነስ ባለ ፊደል፣ «የመሥሪያ ቤቱ መኖሪያ ቤቶች ደረጃ አምስትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሠራተኞች ብቻ ይሰጣሉ» ይላል።

«ምን ይላል?» አለ ከኋላዋ አንድ ወፍራም ድምፅ።

የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዋርሳዋ። በመዝገብ ቤቱ ተሸካሚ ነው። አንድ ጊዜ የብረት ካዝና ብቻውን አንሥቶ ደረጃ ስለወጣ ስሙ «ክሬን» ሆኖ ቀረ። እሱም በተራው ቀጭንና ሹል ናት ብሎ ጠራዥዋን «ወስፌ» ይላታል።

«ራስህ አታነበውም?»

«ትንንሽ ፊደል እኔን ሲያይ ይሸሻል። አንብቢልኝ።»

«እኩል ሆናችኋል ይላል።»

«ማንና ማን?»

«እኔና አንተ።»

«እሰይ! እንኳን ወደኛ ሰፈር በደህና መጣሽ! ነገ ሳጥን በየትኛው ትከሻ እንደሚያዝ አስተምርሻለሁ፣ ያውም በነፃ…» እያለ ፊቷን ሲያየው ሳቁ ተቆረጠ። «ቤቱስ?»

«ቤቱ ከደረጃ አምስት በላይ ላለ ሰው ነው።»

ክሬን ወረቀቱን ራሱ ሊያነበው ጠጋ አለ። በዚያ ቤት ውስጥ ያሉት እናቱ ናቸው።

ቤቱ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድቤት ነው፤ ከመዝገብ ቤቱ የኋላ ግንብ ጋር ተጣብቆ የተሠራ፣ አንድም መወጣጫ ደረጃ የሌለው። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አማቷ ያን ጊዜ ወደ ልጃቸው ከመሄድ ከምራታቸው ጋር መቅረትን መረጡ። «የልጄ ቤት ልጆች ሞልተውበታል፤ የምራቴ ቤት ዝምታ ሞልቶበታል፤ እኔ ዝምታውን እሞላለሁ» አሉና በቃላቸው ጸኑ። ዓይናቸው ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ቤት ውስጥ ግን ዓይናማ ናቸው። ከአልጋ እስከ በር ሰባት እርምጃ፣ ከበር እስከ ምድጃ አራት፣ ከምድጃ እስከ ልብስ ማስጫው ሽቦ አሥራ ሦስት፤ ሁሉንም በእግራቸው ይዘውታል። ዱላ አይዙም፤ ግድግዳ አይነኩም። ውኃ ያፈላሉ፣ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ አንሶላ አጥበው ያሰጣሉ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ግማሽ ቀን አብሯቸው ውሎ፣ ሻይ ቀድተውለት ጠጥቶ፣ ማየት እንደማይችሉ ሲነገረው «አትቀልዱብኝ» ብሎ ተቆጥቷል።

ከአራት ዓመት በፊት ጣሪያው ሲታደስ ለሦስት ሳምንት ወደ ክሬን ቤት ተወሰዱ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ወደቁ። በሁለተኛው ከአልጋ አልነሣም አሉ። በሦስተኛው መብላቱንም መናገሩንም ተዉት። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ፣ ዓይናቸውን በባትሪ አይቶ፣ «እኔ ዘንድ መድኃኒት የለም፤ ወደሚያውቁት ቦታ መልሷቸው» አለ። በተመለሱ ማግስት ተነሥተው ሽንኩርት ከተፉ። ስለዚህ ከዚያ ቤት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ጠራዥዋም ክሬንም ያውቁታል። ከቤት ወጥቶ ቤት መግባት አይደለም።

«አንድ ነገር አድርጊ እንጂ» አላት ክሬን። «አንቺ የተማርሽ ነሽ።»

አራተኛው ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ ነበረች፤ ሌላ ሰው አላያትም። ቅሬታ ያለው ሠራተኛ፣ ሙያው ባለፉት ዘመናት በአማካይ ከተሸካሚ ደመወዝ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ሲከፈለው መቆየቱን በአርባ ቀን ውስጥ በሰነድ ካስረዳ፣ የቀድሞ ደረጃው ይጸናለታል ትላለች። ያረቀቃት ሰው ማንም የማይደርስበትን ሰነድ መጠየቁ ሳይሆን አይቀርም። የመዝገብ ቤቱ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዓመት የደመወዝ መዝገብ ግን ምድር ቤት ውስጥ ተደርድሯል። ጀርባው የተላቀቀውን ለመጠገንም ትእዛዝ የተሰጣት ጠራዥዋ ናት።

*

ክሬን ጥራዞቹን አራት አራት እያደረገ ከምድር ቤት ያወጣላት ጀመር። ስድሳ አንድ ናቸው። እያንዳንዱ አንድ ጎልማሳ በግ ያህላል።

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች ደመወዝ በልተው ሞቱ?» ይላል ጠረጴዛዋ ላይ እያወረደ። «ለሟች ደመወዝ ይህን ያህል ከከበደ፣ በሕይወት ያለነው የኛስ እንዴት እንዲህ ቀለለ?»

«አቧራውን አታራግፍብኝ።»

«እሺ እትዬ ወስፌ። ታዲያ ስታሸንፊ ምን ትሰጪኛለሽ?»

«እናትህን።»

«እሱስ ይበቃኛል» ብሎ ይወርዳል።

እሷ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ደንብ አወጣች። ከየዓመቱ አንድ ወር ብቻ፣ ያውም ሁልጊዜ ስድስተኛውን ወር፤ ዓመት ሲገባና ሲወጣ ጉርሻና ቅጣት ስለሚቀላቀል። ተሸካሚ ሲባል የምድር ቤት ተሸካሚ ብቻ እንጂ ባለ ጋሪው አይደለም። ወረቀቱ የተበላ፣ ቀለሙ የጠፋ ከሆነ ቦታው ባዶ ይተዋል፤ በግምት አይሞላም። ደንቡን በትልቅ ወረቀት አናት ላይ ጽፋ ከሥሩ ሠንጠረዥ አሰመረች። አሮጌውን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አይቸግራትም፤ የሞቱ ጸሐፊዎችን እጅ ከጎረቤቶቿ ድምፅ ይልቅ ለይታ ታውቃለች።

መጀመሪያ ላይ የሚከፈለው እህል ነበር። ተሸካሚ በወር ስምንት ቁና። ጠራዥ ሃያ። ጸሐፊ ስድሳ! ጸሐፊው ከተሸካሚው ሰባት እጥፍ ተኩል ይወስድ የነበረው መጻፍ የሚችል ሰው በከተማው ሁሉ በጣት ስለሚቆጠር ነው። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ስድሳው አርባ፣ አርባው ሃያ አራት እያለ ወረደ። የመሥሪያ ቤቱን የግድግዳ ሰዓት የሚሞላ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ የጸሐፊ ያህል ሲከፈለው ኖሮ አንድ ወር ላይ ስሙ ጠፋ፤ ከዚያ ወር ጀምሮ ዘበኛው ሰዓቱን «ደርቦ» ይሞላል፣ ለዚህም ግማሽ ቁና። መብራት አብሪዎች ተነሡ፣ ከበሩ፣ ጠፉ። አንድ ክፉ በሽታ በገባበት ዓመት ከአሥራ አንድ ተሸካሚ አምስት ብቻ ተረፉ፤ የተረፉትም «አናነሣም» ብለው ደመወዛቸው ከስምንት ወደ አሥራ አራት ቁና ወጣ። ስድስት ዓመት አሥራ አራት በሉ። በሰባተኛው ባለ ማኅተም ትእዛዝ መጣና እንደ ድሮው ስምንት ሆኑ።

«አየህ፣ የናንተ ሰዎች አድመው ነበር» አለችው ክሬንን።

«አውቃለሁ።»

«ከየት ታውቃለህ?»

«ያንን ጥራዝ ስሸከመው ቀለለኝ።»

ጠራዡ ግን ከዓመት ዓመት ሃያ ነው። ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። መቶ ሰማንያ ሰባት ዓመት! ከስድስቱ የበሽታ ዓመታት በስተቀር ከተሸካሚ ሁለት ተኩል እጥፍ። ጠራዥዋ በመጀመሪያው ሳምንት እያፏጨች ሠራች። አማቷ ሳይቀሩ «ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ እግርሽ የቀለለው?» ብለው ጠየቋት።

በመቶ ሰማንያ ስምንተኛው ዓመት ቁጥሩ ወደቀ። ጠራዥ፦ ዘጠኝ ቁና። ከዚያ በኋላ እህሉ ሳንቲም፣ ሳንቲሙ ወረቀት ሆነ፤ ልዩነቱ ግን እስከ ዛሬ፣ እስከ እሷ ድረስ፣ ፈቀቅ አላለም። ደረጃ ስድስት ይባል እንጂ እሷም ደመወዟ ከክሬን የሚበልጠው በአንድ ስምንተኛ ነው። ደረጃው የሚሰጣት ቤቱን ነው።

አሰላችው። የሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ዓመት አማካይ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ይመጣል። ከተጠየቀው ይበልጣል። እርሳሱን አስቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ተቀመጠች። አሸንፋለች።

ግን ለምን ወደቀ? ይህን ማንም አልጠየቃትም። የቅሬታ ማቅረቢያው ቅጽም አይጠይቅም። እሷ ግን መልስ የሌለው ቁጥር አጠገብ መተኛት አትችልም፤ እንዲህ ሆና ነው የተፈጠረችው።

መልሱ መዝገቡ ላይ በተጻፈው ውስጥ አልነበረም። ያገኘችው ጀርባው ላይ ነው። አሮጌዎቹን ጥራዞች ለጥገና ስትፈታ አንድ ነገር አስተዋለች፦ በየቅጠሉ እጥፋት ላይ አምስት አምስት ቀዳዳ ተበስቷል፤ ክር ያለፈው ግን በሦስቱ ብቻ ነው። ቆዳውም የተለቃቀመ ነው፤ አንዱ ከኮርቻ የተቆረጠ፣ አንዱ ከጫማ፣ የቀድሞ ስፌቱ ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል። ሙጫው ከመቅጠኑ የተነሣ ዱቄት የለውም ማለት ይቀላል። የድሮዎቹ ጠራዦች ሞያ አጥተው አይደለም፤ የስፌታቸውን እኩልነት አይታ ቀንታባቸዋለች። የሚቆጥቡ ሰዎች ናቸው። መቶ ሰማንያ ስምንተኛውን ዓመት ስትፈታ ግን አምስቱም ቀዳዳ ወፍራም ክር ጠጥቷል። ቆዳው አንድ ዓይነት ነው። ሙጫው እስከ ዛሬ ይዟል።

የወጪውን ገጽ ገለጠች። በዚያው ዓመት፣ ከዚያ በፊት ፈጽሞ ያልነበረ መስመር፦ «በመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ለጠራዥ ክር፣ ቆዳና የሙጫ ዱቄት፣ በዓመት መቶ ሠላሳ ሁለት ቁና።»

በወር አሥራ አንድ። ከሃያ ላይ አሥራ አንድ ሲቀነስ ዘጠኝ።

ሦስት ጊዜ ቀነሰችው። ዘጠኝ ነው። ደመወዙ አልወደቀም። ሃያው ቁና ድሮም የጠራዡ አልነበረም፤ ክሩንም ቆዳውንም ከዚያው ላይ የሚገዛው እሱ ነበር። ሲገዛም ከልጆቹ ጉሮሮ ስለሆነ፣ አምስት በስቶ ሦስት ይሰፋ ነበር። በሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ጠራዥ ከተሸካሚ የሚበልጠው በወር አንድ ቁና እህል ነው። አንድ! ሌላው ሁሉ ክር ነው።

ወረቀቱን አጠፈችው። ዘረጋችው። መልሳ አጠፈችው።

*

ቅጹ «የተከፈለ ደመወዝ» ነው የሚለው። ሃያ ቁና ተከፍሏል፤ ውሸት አይደለም። «የክር ወጪ» የሚል ዓምድ የለውም፤ ዓምድ በሌለበት ምን ይጻፋል? እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ሁለት ቀን ዋለች። የቅጹ መጨረሻ ገጽ ግርጌ ላይ «እያወቅሁ የተውኩት ነገር የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ። ከሥሩ የፊርማ ቦታ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ገብታ አማቷን አየቻቸው። አንሶላ ጨምቀው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ሽቦው ይሄዳሉ። አሥራ ሦስተኛው እርምጃ ላይ እጃቸውን ሲያነሡ ሽቦው እዚያው ጠበቃቸው።

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«መቆሜን በምን አወቁ?»

«ስትራመጂ ጫማሽ ያለቅሳል። ሲቆም አንቺ ነሽ የምታለቅሺው። ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩ እማማ። ሥራ ነው።»

«ሥራ ነው ይል ነበር ሟች ባልሽም፣ ያ ውሸታም» አሉና አንሶላውን ዘረጉ።

እዚያው፣ ግቢው ውስጥ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች።

*

የቅሬታ ኮሚቴው የጠራት በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነው። ከላይኛው ፎቅ ሰፊ ክፍል፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰው። ሰብሳቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ዓይነት ሽማግሌ ነው። የደመወዝ ጥናት ባለሙያው ላፕቶፑን ከፍቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ትሑት ጎልማሳ ነው፤ ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት።

«እናቴ፣ ሠንጠረዥዎን አየሁት» አላት። «ሙገሳ አይምሰልብኝ፤ እኛ ቢሮ ሦስት ሰው ስድስት ወር ቢሰጠው እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አያወጣም። ባዶ ቦታዎቹን ባዶ መተውዎ ራሱ!»

«የሚገባው እንደዚያ ነው።»

«አንድ ነጥብ ዘጠኝ» አለ ሰብሳቢው። «አልፏል። ደረጃ ስድስት ይጸናል። ቤቱም እንደዚያው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«እንዲያውም» አለ ባለሙያው ላፕቶፑን ወደ እሷ እያዞረ፣ ስጦታ እንደሚያሳይ ሰው፣ «ሥራዎ ከራስዎ አልፎ ጠቅሞናል። ይህን መስመር ይዩት። ጠራዥ ከተሸካሚ ሁለት ተኩል እጥፍ ነበር፤ ዛሬ አንድ ከአንድ ስምንተኛ ነው። የጠራዥ ሥራ አልተለወጠም። እንግዲህ ምን ሆነ ማለት ነው? የተሸካሚ ክፍያ ያለ አግባብ ከፍ ብሏል ማለት ነው። በእርስዎ ማስረጃ መሠረት ተሸካሚዎቹ ከታሪካዊ ድርሻቸው በላይ ይወስዳሉ።»

«አልገባኝም።»

«የደመወዙ በጀት አንድ ነው እናቴ። የእርስዎ ደረጃ ሲጸና ደመወዝዎ ከደረጃው ጋር ይስተካከላል፤ ይጨመርልዎታል። የሚጨመረው ደግሞ ከአንድ ቦታ መነሣት አለበት። አምስቱ ተሸካሚዎች ከመጪው ወር ጀምሮ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥተው በኮንትራክተር በኩል ይሠራሉ። በግማሽ ክፍያ።»

«ተሸካሚዎቹ» አለች። «አምስቱም?»

«አምስቱም።»

«እኔ ጭማሪ አልጠየቅሁም። ቤቱን ብቻ ነው። ደመወዙ እንዳለ ይቅር፤ ልፈርምላችሁ።»

ሰብሳቢው መነጽሩን ፈልጎ አጣው። «ደረጃ ያለ ደመወዝ፣ ደመወዝ ያለ ደረጃ አይሰጥም እህቴ። እንደ ልብስ ከላይና ከታች ነጣጥለን አንሸጠውም።»

«ቀንሱልኝ ታዲያ። ከኔ ቀንሳችሁ ለነሱ…»

«አይሆንም እኮ» አለ ባለሙያው በርኅራኄ። «ቀመሩ አይቀበለውም።»

መስኮቱ ክፍት ነበር። ከታች የጭነት መኪና ቆሞ ክሬንና ጓደኞቹ የወረቀት ጥቅል ያወርዳሉ። የክሬን ድምፅ እስከ ላይ ይሰማል፦ «ቀስ! ቀስ በል አንተ! ሚስትህ አይደለችም፣ ወረቀት ነው፤ እንዳይቀደድ!» ሳቅ። አራት ልጅ አለው። ስድሳ አንዱን ጥራዝ በትከሻው ያወጣላት እሱ ነው። ከላይ ስታየው ራሱ መሐል ለመሐል ተመልጧል፤ ይህን ከዚህ በፊት አላየችም።

የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ስላልነበረ ባለሙያው ራሱ ይተይብ ጀመር። ቁልፎቹን ሲመታ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጥል ነው። ዝም ብትል ያልቃል። አማቷ ነገም ከምድጃው እስከ ሽቦው ይሄዳሉ። ዝም ብትል ብቻ። ማንም አያውቅም፤ ሊያውቅ የሚችል ሌላ ሰው በከተማው የለም፤ የተሰፋ ጀርባ ፈትቶ ቀዳዳ የሚቆጥር እሷ ብቻ ናት።

«አንድ የተውኩት ነገር አለ» አለች።

መተየቡ ቆመ።

«ክሩን ራሳቸው ነበር የሚገዙት። ጠራዦቹ። ቆዳውንም፣ ዱቄቱንም። ከሃያው ቁና ላይ አሥራ አንዱ የዕቃ ነው። ለሰው የሚተርፈው ዘጠኝ ነው። የመቶ ሰማንያ ስምንተኛውን ዓመት የወጪ ገጽ እዩት። ተሸካሚው ከአግባቡ በላይ አልወሰደም። እኛም ወድቀን አናውቅም። ድሮውኑ እኩል ነን።»

ባለሙያው ጥራዙን አስመጥቶ ራሱ አየው። የወጪውን መስመር በጣቱ ተከትሎ ሁለቴ አነበበ፤ አምስቱን ቀዳዳና ሦስቱን ክር አሳየችው። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም። የተሰበረ ነገር ያየ ሰው ይመስል ነበር።

«ይህን መቼ አወቁ?»

«ከመፈረሜ በፊት።»

«ታዲያ ለምን…» ብሎ ተወው።

ሰብሳቢው ለረጅም ጊዜ ወረቀቶቹን አገላበጠ። «ማስረጃው ተስቧል ማለት ነው» አለ በመጨረሻ። «የተሸካሚዎቹም ጉዳይ በዚሁ ሠንጠረዥ ላይ የቆመ ስለሆነ ለጊዜው አይታይም፤ ለመጪው ዓመት ይተላለፍ። የእርስዎ ግን… ያለ ማስረጃ ማስታወቂያው ይጸናል። ደረጃ ሁለት። በሐሰት ስለመፈረምዎ ሌላ ክስ አላነሣም፤ ራስዎ ተናግረዋል። ቤቱን በሠላሳ ቀን ያስረክባሉ።»

«አማቴ ማየት አይችሉም» አለች።

«አዝናለሁ።»

«ከዚያ ቤት ውጭ መራመድ አይችሉም።»

«እህቴ» አለ ሰብሳቢው፣ «እኔ ያለኝ ቅጽ ነው።»

*

ክሬን ነገሩን የሰማው ከሷ አይደለም፤ ወሬው በደረጃው ቀድሟት ወርዶ ነበር። በኋለኛው በር ጠበቃት። እጁ ላይ ያለው የጨርቅ ጓንት እንደ ተጨመቀ ነው።

«እውነት ነው?»

«የቱ?»

«እጅሽ የገባውን ቤት መልሰሽ የሰጠሽው።»

«አምስታችሁን ሊያስወጧችሁ ነበር።»

«ማን አማከረሽ? እኔ ለምኜሻለሁ? ‹አድኚኝ› ብዬሻለሁ?»

«ግማሽ ክፍያ ነው ያሉት። አራት ልጅ…»

«ልጆቼን እኔ አውቃለሁ! በግማሽ እሸከማለሁ፣ ማታ እሸከማለሁ፣ ሌላ ቦታ እሸከማለሁ! ይህ ትከሻ የትም ይሸከማል። እናቴ ግን የት ይራመዳሉ? ንገሪኛ! የት?»

ቆሞ ተነፈሰ።

«ደግሞ አውቀሽው ነበር አሉ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መጀመሪያውኑ። ሁለት ተኩል እጥፍ ነን ብለሽ ስትፈርሚ እኩል መሆናችንን ታውቂው ነበር። እኔ በትከሻዬ እያወጣሁልሽ።»

«አዎ።»

«ያኔ ዝም ካልሽ፣ ዛሬም ዝም ማለት ነበረብሽ። ዛሬ ከተናገርሽ፣ ያኔ መናገር ነበረብሽ። እንዲህ ግን… እንዲህ ግን ምን ይባላል?»

«አላውቅም» አለች። አታውቅምም።

ወደ ቤት የሚወስደውን የግንቡን ጥግ ጎን ለጎን ያዙት። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሽንኩርት ሽታና የቢላ ድምፅ ይመጣል። ሲገቡ ቢላው ቆመ።

«ሁለት ሰው» አሉ አማቷ። «አንዱ ጫማ የሚያለቅሰው፣ አንዱ መሬት የሚደበድበው። በሥራ ሰዓት አብራችሁ የመጣችሁት ምን ልትነግሩኝ ነው?»

«ይቀመጡ እማማ» አለች ጠራዥዋ።

«ቆሜ እሰማዋለሁ።»

ነገረቻቸው። ሁሉንም፤ ሃያውን፣ አሥራ አንዱን፣ ዘጠኙን፣ ፊርማውን፣ አምስቱን ተሸካሚዎች። እንደ ሠንጠረዥ በየተራው፤ ሌላ መንገር አታውቅበትም። ክሬን በሩ ላይ ተደግፎ ወለሉን ያያል። አሮጊቷ አንድም ጊዜ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ቢላውን በመክተፊያው ጠርዝ አስተካክለው አስቀመጡ።

«ስንት ቀን ነው ያሉሽ?»

«ሠላሳ።»

«ዛሬን ጨምሮ ነው፣ ከዛሬ ወዲያ?»

«ከዛሬ ወዲያ።»

«ሁለታችሁንም ልቆጣችሁ ነበር» አሉ። «ግን አንደኛችሁን ስቆጣ ሌላው ያስለቅሰኛል። ተዉት።»

«እኔ ዘንድ ይመጣሉ እናቴ» አለ ክሬን። «አልጋውን መስኮቱ ጋ አዞረዋለሁ። ልጆቹን…»

«አንተ ዘንድ ሁለቴ ወድቄያለሁ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛውን አልነሣም።»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ከምድጃው ፈቀቅ አሉ። አራት እርምጃ ሄደው በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መቃኑን ነኩት። ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት። ከዚያ በዚህ ቤት ነክተውት የማያውቁትን ግድግዳ። ግድግዳውን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ፤ ቁም ሳጥኑን፣ የአልጋውን ራስጌ፣ የመስኮቱን ደፍ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳይዘሉ፣ በመዳፋቸው አለፉበት። ጠራዥዋ ልትደግፋቸው አንድ እርምጃ ተራመደች።

«ተይኝ» አሉ። «እያየሁት ነው።»